የጨረቃዋ ድርሻ

ከሪዮኒ ወንዝ ማዶ፣ ኩታይሲ ከተማ፣
ጣሪያው በየክረምቱ ከዝናብ ጋር የሚስማማ
አንድ የአሻንጉሊት ቲያትር አለ፣ ሠላሳ ሁለት ወንበር፤
ከድስት ክዳን የተሠራች ጨረቃም አለችው፣ ሕመሟ የማይነገር፦
ትዕይንቱ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣ ቀበሮው አሮጊቷን ሲለማመጥ፣
ግራ ጎኗ ድርግም፣ ቀኝ ጎኗ ፍጥጥ።

«ጨረቃዋን ማን በላት?» አለ አንድ ሕፃን ከፊት ረድፍ፤
ሳቁ እስከ በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ እንደ ጎርፍ።
ናዚብሮላ ከመጋረጃው ጀርባ አልሳቀችም፤
ቀበሮው በቀኟ፣ አሮጊቷ በግራዋ፣ ላብ የምትጠርግበት ሦስተኛ እጅ የላትም።
(ቀበሮው የኦቲያ ነበር። የፖቲ ወደብ ሥራ ቢጠራው
ጓንቱን ምስማር ላይ ሰቅሎ ሄደ፤ እስካሁን ማንም አላወረደው።)

ማልኻዝ ነው አባቷ፣ የጨረቃዋ ማለቴ ነው፤
ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የትሮሊባስ ሞተር ነበር ቋንቋው።
አሥር ኤልኢዲ፣ ጎን ለጎን በሁለት ረድፍ፣ አምስት አምስት፤
ድራይቨሩ ሰባት መቶ ሚሊአምፒር፣ ተብሎ የተጻፈበት።
«ሰባት መቶ ለሁለት፣ ሦስት መቶ ሃምሳ ነው፤
ይህን የልጅ ልጄም አይስተው!»
ሒሳቡ ልክ ነበር።
ጨረቃዋ ግን ሒሳብ አልተማረችም።

መጀመሪያ ራሱ ተሳሳተ። ገመዱን ፈትቶ
ቴስተሩን መሃል አስገባ፣ በትንሹ ቀዳዳ።
አምስት መቶ የሚችለውን ፊውዝ ሰባት መቶ ቢያጎርሱት
ጢስ የለ፣ ድምፅ የለ፤ እንደ ታነቀ ሰው ቀጥ ብሎ አዩት።

እስከ ምሳ ሰዓት ተኮሳተረ። ከዚያ ከሞተ ራዲዮ ሆድ ዕቃ
ሁለት ሬዚስተር ነቀለ፣ አንድ አንድ ኦም፣ እንደ ስንዴ ቅንጣት ደቃቃ፤
በየረድፉ ራስ አንዳንድ በየደ። «አንድ ኦም ምስክር ነው፣ አይዋሽም፤
በላዩ ያለውን ሚሊቮልት ጠይቀው፣ ያለፈውን ሚሊአምፒር አይሸሽግም።»

ቀኙ፦ ሁለት መቶ ስድሳ አምስት።
ግራው፦ አራት መቶ ሠላሳ አምስት፤
ትንሽ ቆይቶ አራት መቶ አርባ፣ አራት መቶ ሃምሳ ሁለት፣
ክዳኑ በዚያ በኩል እጅ አያስነካም።
ሲሞቅ ይጠማዋል፣ ሲጠጣ ይሞቃል፤
ወንድሙ ከዚያው ማሰሮ ጭላጩን ይልሳል።
ኋላ ከሙቀቱ ብዛት አንዲት ብየዳ ትላቀቅና
ግራው ጦሙን ያድራል፤ የሁለት ጉርሻ ለአንድ አፍ ይሆንና
የቀኙ ዓይን ይፈጣል።

ለምን? አንድ በአንድ ለካቸው።
ሦስት ነጥብ ሁለት ቮልት፣ ሦስት ነጥብ ሁለት፣ ደግሞ ሦስት ነጥብ ሁለት፤
ግራው ውስጥ ግን ሁለቱ ከሐዲዱ ማዶ፣ ከሌላ ሱቅ፣ በርካሽ የመጡ ናቸው፤
ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ይበቃቸዋል፣ በትንሽ ግፊት በር ይከፍታሉ።
ኮረንቲ ወዴት ይሄዳል? በሩ ወደ ላላበት።

አልጣላቸውም። አንዱን ወደ ቀኝ አዛወረ፣ አንዱን እዚያው ተወው፣
የላላችውንም ብየዳ እንደገና አጠበቃት።
ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት። ሦስት መቶ አርባ ስምንት።
«አራት» አለ «ለወንድማማች አይበዛም።»

ማታ ጨረቃዋን ሰቅሎ ከመሰላሉ ሲወርድ
ናዚብሮላን አያት፤ ቀኝ ክንዷ ይንቀጠቀጣል፣ ትዕይንቱ ገና ሳይጀመር።
ቴስተር አላስፈለገውም።
የኦቲያን ጓንት ከምስማሩ አወረደ፣ አቧራውን ሱሪው ላይ አራገፈ።
«ቀበሮውን ስጪኝ።»
«አንተ? ቃሉን ታውቀዋለህ?»
«ስድስት ዓመት ሙሉ መሰላል ላይ ሆኜ ስሰማው!»

ቀበሮው ያን ማታ እንደ ትሮሊባስ ሾፌር ተናገረ፣
ሁለት ጊዜ ጨረቃዋን በጆሮው ገጫት።
ተወዛወዘች፤
ግን ሙሉ ነበረች፣ እስከ መጨረሻው፣ ግራዋም ቀኟም።
ማንም አላጨበጨበላትም።
ጨረቃ ሥራዋን ስትሠራ ማን ያጨበጭባል?